የስምንት ሰዓቷ እንግዳ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ሆቴል አልጋ ይዞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የጠየቀውን ነገር ነው የማወራችሁ፦ ቀድሞ የደረሰ እንግዳ የፈለገውን ክፍል ያገኛል ወይስ አያገኝም? እኔ ይህን ነገር ሻንጣ ይዤ ቆሜ አልተማርኩትም። ከሪሴፕሽኑ ጠረጴዛ በስተኋላ፣ የቁልፍ ሰሌዳው ከጀርባዬ ተሰቅሎ፣ ዓመታት ውዬና አድሬ ነው ያወቅኩት። ከዚያ ሁሉ ዓመት አንዱን ቀን ብቻ ልንገራችሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ጥር 20 ቀን 2009 ዓ.ም.። አዲስ አበባ እስከ አፍ ገደፏ ሞልታለች። ሰኞ፣ በ22፣ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ይከፈታል። በ1977 ዓ.ም. የያኔውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጥላ የወጣችው ሞሮኮ ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ የተመለሰችበት ጉባኤ ነበርና ጋዜጠኛውም፣ ልዑካኑም፣ ጠባቂውም ብዙ ነው። ትልልቆቹ ሆቴሎች ከሞሉ ሰንብተዋል፤ የተረፈው ሰው ወደ እኛ ዓይነቱ መካከለኛ ቤት ይፈስሳል። የእኛው ቦሌ አካባቢ ያለ፣ ባለ 5 ፎቅ፣ 52 ክፍል ያለው ቤት ነበር። ስሙን ተዉት። ፊቱ ጭፈራ ቤት ወዳለበት መንገድ፣ ጀርባው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ጎኑ ወደ ጀነሬተሩ ያያል። እንግዳ ሁሉ «ጸጥ ያለ ክፍል» ይላል። ጸጥ ያለው ክፍል ግን በዚያ ቤት ተቆጥሮ 10 አይሞላም ነበር።

የዓርብ ሌሊት ተረኛ እኔ ነበርኩ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የዕለቱን ሂሳብ ዘጋሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ስንት ሰው አልጋውን የሚያጣው በዚህች ነገር ነውና። የሆቴል ቀን እኩለ ሌሊት ላይ አያልቅም፤ ሂሳቡ ሲዘጋ ነው የሚያልቀው። ከዱባይ ወይም ከቤሩት ተነስቶ ሌሊት ቦሌ የሚያርፍ ሰው ቲኬቱ «ማክሰኞ» ይለዋል፤ በፈረንጅ ሰዓት እኩለ ሌሊት ካለፈ ቀኑ ተለውጧል። እኛ ግን ያንኑ ሰዓት «ሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» ነው የምንለው። ሆቴሉም የሚያስበው እንደ እኛ ነው፤ ያ ሌሊት የሰኞ ነው። ቲኬቱን አይቶ ለማክሰኞ ያስያዘ ሰው ሌሊት ሲደርስ «ክፍልዎ የሚከፈተው ቀን 8 ሰዓት ነው» ይባላል። ከአረብ አገር የተመለሰች ስንቷን ልጅ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስታነጋ አይቻለሁ። ለእነዚያ ልጆች ምርጫ ማለት ፎቅና መስኮት አልነበረም። ከውስጥ በደንብ የሚቆለፍ በር፣ ከመጠጥ ቤቱ የራቀ ኮሪደር፣ ይኸው ነው። ሌሊት 9 ሰዓት የደረሰችው ግን ያ ቢኖርም ባይኖርም የተረፈውን ትይዛለች። ለጥቂት ሰዓት እንቅልፍ የሙሉ አዳር ከፍላ፣ ጎህ ሳይቀድ ወደ አውቶቡስ ተራ ትሄዳለች። ይህን ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወደ ቅዳሜዬ ልመለስ። ሂሳቡ ሲዘጋ ሁለት ዝርዝር ይወጣል፦ የሚለቁ እንግዶችና የሚገቡ እንግዶች። የሚለቁት 17፣ የሚገቡት 21። ባዶ ያደሩት ክፍሎች 3። እስቲ ደምሩት፤ 20 ክፍል ለ21 እንግዳ። አንድ ሰው ትርፍ ነው። ሆቴሎች ይህን የሚያደርጉት አውቀው ነው፤ ካስያዘው ሰው ውስጥ አንድ ሁለቱ እንደሚቀር በልምድ ያውቁታል። በጉባኤ ሰሞን ግን ማንም አይቀርም። ያች አንዲት ቁጥር ቀኑን ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ምደባ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ሆቴል የሚሸጥላችሁ የክፍሉን ዓይነት ነው፤ ባለ አንድ አልጋ፣ ባለ ሁለት አልጋ፣ ሳሎን ያለው። ያን ቃል ገብቶላችኋል። ፎቁ፣ አቅጣጫው፣ ከሊፍቱ መራቁ ግን «ከተቻለ» ተብሎ በጎን የሚጻፍ ልመና ነው። ከተቻለ የሚቻለው ደግሞ እናንተ ስትደርሱ ሳይሆን ገና ሳትደርሱ፣ አንድ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጦ በእርሳስ ሲያገናኝ ነው። ቋሚ ደንበኛ ይቀድማል፤ ብዙ ቀን የሚቆይ ይቀድማል፤ ከዚያ ደግሞ ምክንያቱን የጻፈ ሰው ይቀድማል። ያን ሌሊት 9 ሰዎች «ጸጥ ያለ ክፍል» ብለው ነበር፤ የማንኛቸውንም አላስታውስም። የአንዲት እናትን ግን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጃቸው ነው የላከው፦ «እናቴ ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ሊፍት ትፈራለች፤ ምድር ላይ ያለ ክፍል ቢሆንላት። ከደሴ የእህቷ ልጅ ስለምትመጣ ሁለት አልጋ። አስተርእዮ ማርያምን ለማክበር ነው የምትመጣው።» መድረሻ ሰዓት፦ 8:00።

ምድር ቤት በስተጀርባ፣ አትክልቱን የሚያዩ 4 ክፍሎች ነበሩን። 3 ቁጥር ባለ ሁለት አልጋ ነው። የያዘው ከናይሮቢ የመጣ እንግዳ ቀን 6 ሰዓት ይለቃል፤ እሳቸው 8 ሰዓት ይመጣሉ፤ በመሃል ይጸዳል። ደስ ብሎኝ በእርሳስ አገናኘሁት። በረራው ከዋሽንግተን መሆኑን፣ 13 ሰዓት ያህል በርሮ ማለዳ እንደሚያርፍ እያወቅኩ አላሰብኩትም። የእኛ ክፍል መረከቢያ 8 ሰዓት ስለሆነ ቁጥሩ ገጠመልኝ። ልጁ በሚኖርበት አገር ሰዓት አቆጣጠር ጻፈ፣ እኔ በተወለድኩበት አገር ሰዓት አቆጣጠር አነበብኩ።

ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ታክሲ በራችን ላይ ቆመ። ነጭ ነጠላ ያጣፉ እናት፣ የሾፌሩን ክንድ ይዘው፣ አንድ እግራቸውን አስቀድመው ሌላውን እያስከተሉ ገቡ።

«እንደምን አደርክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንኳን ደህና መጡ እማማ።»

«ልጄ ክፍል ይዞልኛል። መጥቻለሁ በለው።»

ወረቀቱን አየሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ያን ጊዜ ነው 8 ቁጥሯ የገባችኝ። ክው አልኩ። 3 ቁጥር ውስጥ ሰው ተኝቷል። ባዶና ንጹሕ የሆነው ከሶስቱ ሁለቱ ከ21ዱ ውስጥ በሌሊት ለደረሱ ሰዎች ሄዷል፤ የቀረው 412 ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ አጠገብ፣ አንድ ትልቅ አልጋ ያለው።

ስለ 412 ልንገራችሁ፤ የጥያቄያችን ግማሽ መልስ እሱ ጋ ነውና። ማለዳ የደረሰ ሰው «አሁኑኑ ክፍል ስጡኝ» ሲል የሚሰጠው ትናንት ማንም ሳይወስደው ያደረውን ነው። ትናንት ሳይወሰድ ያደረ ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለ ምክንያት አላደረም። ወይ ሊፍቱ ያንገጫግጨዋል፣ ወይ ጀነሬተሩ ከሥሩ ነው፣ ወይ መስኮቱ ግድግዳ ያያል። ደጉ ክፍል በዚያ ሰዓት ሰው ተኝቶበታል። ስለዚህ ማለዳ መድረስ በራሱ ምርጫን አያስገኝም፤ ያልተፈለገ ክፍል ቶሎ ያስገኛል እንጂ። ሰውየው ደክሞታልና ይቀበላል። ከተቀበለ በኋላ የታሰበለት ክፍል ለሌላ ይሰጣል፤ ቀን ላይ «ልቀይር» ቢል ጊዜው አልፏል።

ለእማማም ይህንኑ ክፍል ነገርኳቸው። ሊፍት የሚለውን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያ ምድር ላይ ያለው ክፍል አለ ወይስ ለሌላ ሰጣችሁት?»

«አለ እማማ። ግን ሰው ተኝቶበታል፤ እስከ 6 ሰዓት የእሱ ነው።»

«እንግዲያ ይተኛ። መንገደኛ ነው እሱም። እኔ እጠብቃለሁ። ግን ልጄ፣ ከዚህ ከፊትህ አልነሳም።»

ከጠረጴዛዬ ትይዩ ያለችው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። የአልጋ አንጣፊዎቹ ኃላፊ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ በዚያ ሲያልፉ የእማማን እግር አዩ። ከጫማው በላይ አብጦ ተንጠልጥሏል። አንድ ቃል ሳይናገሩ ሄዱና ሳፋ በሞቀ ውኃ፣ ጨው ነስንሰውበት ይዘው መጡ። እማማ «ኧረ በማርያም!» እያሉ ተከላከሉ፤ እትዬ ግን ተንበርክከው ጫማውን ፈቱት። በሆቴል ሥራዬ የእንግዳ እግር ሲታጠብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የጨርቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ላፕቶፕ ይነካካ የነበረ አንድ የውጭ አገር ጋዜጠኛ እጁን ከላፕቶፑ ላይ አንስቶ ዝም ብሎ ያይ ነበር።

እግራቸው ውኃ ውስጥ ሳለ እማማ የአባታቸውን ቤት አወሩልን። ወሎ፣ ከመንገድ ዳር ያለ ቤት ነው። መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» ይባላል። ገበያ ሲሆን በአንድ ሌሊት አራትና አምስት ሰው ይደራረባል። ቀድሞ የገባው መደቡ ላይ ጋደም ብሏል። መጨረሻ ላይ፣ ጨለማው ከከበደ በኋላ፣ አንዱ ይመጣል። «አባቴ መደቡን የሚያስለቅቀው ለእሱ ነበር» አሉ እማማ። «ከሁሉ የደከመው ኋላ የመጣው ነው፣ ብዙ የተጓዘው እሱ ነው ይል ነበር። እኛ ልጆቹን ከአጎዛችን አንስቶ ለቀደመው ያነጥፍለታል።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ያችን ከክፍሎቹ ቁጥር በላይ የተመዘገበች አንድ ስም፣ ሌሊት ደርሶ የሚመለሰውን ሰው፣ እያሰብኩ አቃሰትኩ። የእኛ ቤት ሥርዓት የአባታቸው ቤት ተቃራኒ ነው።

4 ሰዓት ሲሆን ሱፍ የለበሰ ወጣት መጣ። የአንድ ልዑክ ቀዳሚ ነው፤ አራት ሰዎቹ ማታ ይገባሉ፤ አለቃው በዕድሜ የገፉ ናቸውና ምድር ላይ ክፍል ይፈልጋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዕለቱ ኃላፊ ጋሼ ዝርዝሩን ገለበጡና በጆሮዬ «3 ቁጥርን ስጠው» አሉኝ። «የተጻፈው 8 ሰዓት ነው። እስከዚያ ለሴትዮዋ አንደኛ ፎቅ እንፈልግላቸዋለን።»

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «ሴትዮዋ እነዚያ ናቸው።»

ዞረው አዩ። እማማ ሶፋው ላይ ሆነው፣ እግራቸው ፎጣ ላይ እንዳለ፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው «እንደምን አረፈድክ ልጄ» አሏቸው። ጋሼ እጅ ነሱ። ወደ ወጣቱ ተመልሰው «ምድር ላይ ያለ አልቋል፤ ደረጃው አጠገብ አንደኛ ፎቅ ጥሩ ክፍል አለኝ» አሉት። ወጣቱም ሄዶ አይቶ ወደደው።

እውነቱን ልናገር። እማማ 412ን ተቀብለው ወጥተው ቢሆን ኖሮ፣ ወይም በተጻፈላቸው ሰዓት 8 ላይ መጥተው ቢሆን ኖሮ፣ 3 ቁጥር አይተርፍላቸውም ነበር። ወረቀት አይከራከርም። ፊት ለፊት የተቀመጠን ሰው ክፍል ለሌላ መስጠት ግን ለጋሼም ለእኔም ከበደን። ቀድሞ መድረስ የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ ቀድሞ ወደ ክፍል በመግባት ሳይሆን ቀድሞ በመታየትና የተያዘልህን ባለመልቀቅ።

5 ሰዓት ተኩል ላይ የናይሮቢው እንግዳ ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። ቁልፉን ከእጁ ስቀበል ስልኩን በሌላ እጄ አንስቼ እትዬን ጠራሁ፦ «3 ቁጥርን ያስቀድሙልኝ።» ይህች ዓረፍተ ነገር የሆቴል ትልቋ ምስጢር ናት። 17 ክፍል ሊለቀቅ ነው፤ ያሉን አልጋ አንጣፊዎች 4 ናቸው። የለቀቀ ክፍል አንሶላው ተገፎ፣ መታጠቢያው ታሽቶ፣ ወለሉ ተጠርጎ፣ ፎጣው ተተክቶ እስኪያልቅ ለአንዲት ሴት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ያሉት ሁለት ሰዓቶች ለመተንፈስ እንኳ አይበቁም። የትኛው ክፍል ቀድሞ ይጸዳል የሚለውን የሚወስነው ሪሴፕሽኑ ነው፤ ሪሴፕሽኑ ደግሞ የሚያስቀድመው መምጫ ሰዓቱን የሚያውቀውን እንግዳ ክፍል ነው። ሰዓቱን ያልነገረ ሰው ክፍሉ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ይሆናል። እኔም ያን ቀን የተነገረኝን ሰዓት በትክክል አንብቤ ቢሆን ኖሮ ማታውኑ ባዶ ከሚያድሩት ክፍሎች አንዱን አስተካክዬ እጠብቃቸው ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ እስከ ዛሬ ሰዓት ስጽፍ «ጠዋት» ወይም «ሌሊት» ሳልል አልፌ አላውቅም።

እትዬ ሁለት ሴት ላኩ። 6 ሰዓት ሳይሞላ ራሳቸው ገብተው አልጋውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ የቧንቧውን ሙቅ ውኃ ከፍተው አዩ፣ «ታይቷል» ብለው ደወሉልኝ። እማማን ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው። በሩን ሳይዘጉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በመስኮቱ አትክልቱን አዩ፤ ከዚያ ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይታያል። ሌላው እንግዳ ሁሉ የሌሊቱን ድምፅ ማጉያ ፈርቶ ከዚያ ወገን ይሸሻል። እሳቸው «ቅዳሴው እዚህ ድረስ ይሰማል?» ብለው ጠየቁኝ። ይሰማል አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላው ቀላል ነበር። የተለየ ሰዓት ሳይኖረው ክፍል መምረጥ የሚፈልግ ሰው ከ8 እስከ 10 ባለው ይምጣ እላለሁ፤ የተጸዳው ብዙ ነው፣ የተወሰደው ገና ጥቂት ነው፣ «ይህ ካልተስማማዎት ሌላ ልይልዎት» ማለት የምችለው በዚያ ሰዓት ነው። ከ10 እስከ 12 እኔ ጓዳ ገብቼ ጋደም አልኩ። ስነቃ የደሴዋ ልጅ 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጉዛ ደርሳ አክስቷ ዘንድ ገብታለች።

ምሽት 12 ሰዓት በዚህ ሥራ የቆየ ወሰን ነው፤ ቀብድ ያልተከፈለበት ክፍል እስከዚያ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ያልከፈሉ ሁለት ነበሩ። አንደኞቹ ከባሕር ዳር ባልና ሚስት ናቸው፤ 9 ሰዓት ላይ ከአውሮፕላን ማረፊያው ደውለው «በረራው ዘግይቷል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው የምንደርሰው፣ እንዳትለቁብን» ብለዋል። ቁልፋቸውን ከሰሌዳው አውርጄ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። 4 ሰዓት ደረሱ፣ የጠየቁትን አገኙ። ሁለተኛው ከሐዋሳ በመኪና የሚመጣ ሰው ነው። አልደወለም። 12 ሰዓት ሲሆን ስሙን ሰረዝኩት፤ 21ዱ እንግዳ 20 ሆነ።

3 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ለመሪዎቹ መንገድ ተዘግቶ ከተማው ውስጥ ቆሞ ነው ያመሸው፤ ስልኩ ተዘግቷል። ጫማው ላይ የመንገድ አቧራ አለ። «አልጋ አልቋል» ስለው ድምፁን አልጨመረም፤ ግድግዳውን ተደገፈ። በሆቴሉ መኪና ሌላ ቤት ወሰድነው፤ እዚያ የተገኘለት ክፍል ምን እንደሚመስል አላየሁም። ደንብ አላፈረስኩም። የእማማ አባት ግን መደቡን የሚያስለቅቁለት ሰው እሱ ነበር።

የመጨረሻው እንግዳ 5 ሰዓት ላይ ገባ፤ አስቀድሞ የከፈለ፣ ትንሿን ክፍል የያዘ ወጣት። ትንንሾቹ አልቀዋል። የቀረው ሳሎን ያለው የማዕዘኑ ክፍል ብቻ ስለነበር በትንሿ ዋጋ እሱን ሰጠሁት፤ ማመን አቅቶት ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እንዲህም ይሆናል። 412ን ደግሞ ምሽት 2 ሰዓት የደረሰ፣ «ጸጥ ያለ» ብሎ የጻፈ ሰው ወስዶታል።

ሌሊት 10 ሰዓት። ለእሑድ አጥቢያ፤ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም። ከጀርባው ያለው ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ኮሪደሩን ሞልቶታል። የ3 ቁጥር በር ተከፈተ፤ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የእህታቸውን ልጅ ክንድ ይዘው፣ ደረጃ ሳይወጡ ሳይወርዱ ቀስ ብለው መጡ። እብጠቱ ጎድሏል።

«ሰዓቱ ስንት ነው ልጄ?»

«10 ሰዓት። ሌሊት 10 ሰዓት» አልኩ።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «አደራ። ስመለስ ሰው ተኝቶበት እንዳላገኝ።»

«አደራ እማማ።»

በሩን ከፈትኩላቸው። ሲሻገሩ ቆሜ አየኋቸው፤ ነጠላቸው በመንገዱ መብራት እስኪጠፋኝ። ቁልፉን ሰሌዳው ላይ አልሰቀልኩትም። የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።